ኩላሊት የዕዳ መያዣ ሲሆን፦ «ሽያጩ ይፈቀድ» ለሚሉት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ኩላሊት መሸጥ በሕግ ይፈቀድ የሚል ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ጨካኝ ሰው አይመስሉም። ነገሩን አስበውበት፣ ተቃዋሚ ምን ሊል እንደሚችልም ገምተው ነው የጻፉት። ለመልስ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ደካማ ጽሑፍ ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር፤ ይህንን ግን ብዙ ሰው «እውነት ነው እኮ» እያለ እንደሚጨርሰው እገምታለሁ።

የክርክራቸው ፍሬ ነገር ሲጨመቅ የሚከተለው ነው። ሰው በገዛ አካሉ ላይ ማዘዝ ይችላል። በአንድ ኩላሊት መኖር ይቻላል። በንቅለ ተከላ ሐኪሙም፣ ሆስፒታሉም፣ መድኃኒት አምራቹም ገንዘብ ያገኛሉ፤ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚሄደው ኩላሊቱን የሰጠው ብቻ ነው። ክልከላው ሽያጩን አላስቀረውም፤ ወደ ጥቁር ገበያ ገፋው እንጂ። ኢራን ፈቅዳ ኩላሊት የሚጠብቁ ታማሚዎችን ወረፋ አጥፍታለች። አደገኛ ሥራ ሠርቶ መኖር የተፈቀደለት ሰው ኩላሊቱን እንዳይሸጥ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ድሃን «አትሽጥ» ማለትም በእጁ ያለችውን አንዲት አማራጭ መንጠቅ ነው። በመጨረሻም አንባቢውን ፊት ለፊት ይጠይቃሉ፦ ልጅህ ኩላሊት ቢያስፈልገው አትገዛም?

ለሁሉም መልስ አለኝ። በእርሳቸው ቅደም ተከተል ግን አልሄድም። አንዳንዱ ነጥብ በጥቂት መስመር የሚያልቅ ነው፤ አንዱ ደግሞ የጉዳዩ ሁሉ ማሰሪያ ስለሆነ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በጤናው ልጀምር። በአንድ ኩላሊት መኖር እንደሚቻል አልክድም። አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ሰፊ ጥናት ከ10,000 ለጋሾች መካከል ከቀዶ ጥገናው በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት የሞቱት 3 ገደማ ናቸው። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የለጋሾችን የዕድሜ ልክ አደጋ ገምቷል። ኩላሊታቸው ጨርሶ ሥራ ያቆማል ተብሎ የሚጠበቀው ከ10,000 ለጋሾች 90ው ናቸው፤ ምርመራ ሳይደረግለት በደፈናው ከተወሰደው ሕዝብ ግን 326ቱ ናቸው። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ለጋሹ ከተራው ሰው የተሻለ ዕድል አለው ይላሉ። በዚያው ጥናት ውስጥ ያለችውን ሦስተኛ ቁጥር ግን ዘለሏት። እንደ ለጋሾቹ ጤነኛ ሆነው ኩላሊታቸውን ካልሰጡት ሰዎች መካከል አደጋው የሚደርሰው ከ10,000 በ14ቱ ላይ ብቻ ነው። ለጋሽ እኮ ከመጀመሪያው የሚመረጠው ጤነኛ ስለሆነ ነው። ከታመመ ጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ባይሰጥ ኖሮ ከሚኖረው ከራሱ ጋር ነው መነጻጸር ያለበት። ያኔ አደጋው ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። አሁንም ትንሽ ነው፤ የወንድሙን ሕይወት ለማትረፍ የሚሰጥ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ሊቀበለው ይችላል። ግን «አደጋ የለውም» ከሚለው አነጋገር በጣም ይርቃል።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ለወራት ከተመረመሩ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አርፈው ከተቀመጡ፣ ሐኪም ቤት ተመላልሰው ከሚታዩ ሰዎች ነው። ሻጩ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም። በ2001 ሕንድ ውስጥ፣ ቼናይ ከተማ፣ ኩላሊታቸውን የሸጡ 305 ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ በ2002 ታትሟል። 96 በመቶዎቹ የሸጡት ዕዳ ለመክፈል ነበር። ከሽያጩ በኋላ የቤተሰባቸው ገቢ በአማካይ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። ከአራት ሦስቱ በተጠየቁበት ጊዜም ባለዕዳ ነበሩ። 86 በመቶዎቹ ጤናችን ተጓደለ አሉ። 79 በመቶዎቹ ደግሞ ሌላ ሰው ይህን እንዲያደርግ አንመክርም ብለዋል። እነዚህ ሰዎች ጉልበታቸውን ሸጠው የሚያድሩ ናቸው። ጎናቸውን ተቀድደው ቁስሉ ሳይጠግግ ሸክም ሊያነሱ አይችሉም፤ ካላነሱ ደግሞ አይበሉም። ዕዳው በወጣበት በር ተመልሶ ገባ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው «ያ እኮ ሕገ ወጥ ገበያ ስለሆነ ነው፤ ሕጋዊ ቢሆን ክትትል ይኖር ነበር» ሊሉ ይችላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ደላላው የሚወስደው ድርሻና የሐኪም ክትትል አለመኖር የመጣው ከድብቅነቱ ነው። የገቢው መቀነስ ግን በድብቅነቱ ብቻ አይተረጎምም። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ፈቃድ ባለው ሆስፒታልም ቢቀደድ ያው ጎኑ ነው የሚቀደደው። ስለ ሕጋዊው ገበያ ደግሞ ኢራን ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጠንካራው ነጥባቸው፦ ሁሉም ይከፈለዋል፣ ለምን ሰጪው ብቻ በነፃ? ይህ ጥያቄ እኔንም ያሳክከኛል። ከአጠቃላዩ ክርክራቸው ውስጥ በንግግር ማሳመር የማይመለሰው ይኸው ነው። በብዙ አገር ኩላሊት የሰጠ ሰው ለሳምንታት ደመወዙ ይቋረጥበታል፤ የመጓጓዣውን ከኪሱ ይከፍላል፤ አንዳንዴም የኢንሹራንስ ድርጅት እንደ በሽተኛ ይቆጥረዋል። ይህ ውለታ አይደለም፤ ቅጣት ነው። ስለዚህ እስማማለሁ፦ ለጋሽ በመስጠቱ አንድ ሳንቲም እንኳ መክሰር የለበትም። እስራኤል በ2008 ባወጣችው ሕግ ለለጋሹ የ40 ቀን የሥራ ገቢውን ትተካለታለች። ሲንጋፖርም በ2009 ሕጓን አሻሽላ የለጋሽን ወጪ መመለስ ፈቅዳለች።

ጸሐፊው ግን «አይክሰር» ከሚለው ተነስተው «ይሸጥ» የሚለው ላይ በአንድ እርምጃ ይደርሳሉ። በመካከሉ ያለውን ርቀት አላዩትም። ወጪው የተመለሰለት ሰው ሲሰጥም ባይሰጥም ኑሮው ያው ነው፤ ስለዚህ ችግር ወደ ሆስፒታሉ በር አይገፋውም። ዋጋ የተከፈለው ሰው ግን የመጣው ዋጋውን ብሎ ነው። ሐኪሙና ነርሷ የሚከፈላቸው በሥራቸው ነው፤ ነገም ያንኑ ሥራ ይዘው ይነሳሉ፤ የሚሸጡት የአካላቸው ክፍል የለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለማስረዳት ወደ መጀመሪያው ልመለስ። በሰው ላይ የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ፣ ጆሴፍ መሪ የተባለ ቀዶ ሐኪም በመራው ቡድን ነው። ሰጪው ሮናልድ ሄሪክ፣ ተቀባዩ መንታ ወንድሙ ሪቻርድ ነበሩ። ሐኪሞቹ አንድ ደህና ሰው ለራሱ የማይጠቅመው ቀዶ ጥገና ሊደረግለት መሆኑ አስጨንቋቸው የሃይማኖት አባቶችንና የሕግ ሰዎችን ሳይቀር አማክረዋል። ጆሴፍ መሪ ራሱ ቆይቶ እንደተረከው፣ ሮናልድ ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ኩላሊቴን ብሰጥ ሆስፒታሉ ለወደፊት ጤናዬ ዕድሜ ልኬን ኃላፊ ይሆናል ወይ? የሮናልድ ቀዶ ሐኪም በፍጹም አይሆንም አለው። ወዲያው ግን እርዳታ ብትፈልግ እዚህ ክፍል ውስጥ ካለነው ሰዎች ዘወር በል የሚልህ ያለ ይመስልሃል ወይ ብሎ መልሶ ጠየቀው። ሮናልድ ነገሩ ገባውና ፈቀደ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ስለሚያምር አይደለም። ሽያጭ የሚያስቀረው የትኛውን ነገር እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ዋጋው ተከፍሎ ዕቃውን ከተረከቡት በኋላ ገዢና ሻጭ አይተዋወቁም፤ የሽያጭ ትርጉሙም ይኸው ነው። የሰጪ ሂሳብ ግን አይዘጋም። ኢራን ውስጥ መንግሥት ለሻጩ ከተወሰነው ክፍያ ጋር የሚሰጠው የጤና መድን ለአንድ ዓመት ነው። የኩላሊት ችግር ደግሞ ከመጣ የሚመጣው በአብዛኛው ከዓመታት በኋላ ነው። መድኑን ዕድሜ ልክ ማድረግ አይቻልም ወይ ካላችሁ ይቻላል፤ ለሚለግሱትም መደረግ አለበት። ሽያጭን ለመፍቀድ ግን ምክንያት አይሆንም።

አደገኛ ሥራን በሚመለከት ያነሱት ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። የማዕድን ቆፋሪ ሊሞት ይችላል፤ ነገር ግን ማንም የሚከፍለው እንዲጎዳ ብሎ አይደለም። ሕጉ አሠሪውን የራስ ቁር ስጥ፣ ጣሪያውን ደግፍ እያለ ያስገድደዋል፤ ጉዳቱ ዜሮ ቢሆን ድንጋዩ ያው ይወጣል። በኩላሊት ሽያጭ ግን ዕቃው ጉዳቱ ራሱ ነው። ቀንሱት ቢባል የሚቀነስ ነገር የለም።

ጥቁር ገበያውስ? ጸሐፊው ክልከላ ባለበት ሁሉ ሽያጩ በስውር ቀጥሏል ይላሉ። አሜሪካ በ1984፣ ሕንድ በ1994፣ ፓኪስታን በ2007 ከልክለዋል፤ በሕንድና በፓኪስታን ከዚያ በኋላም የደላላ ሰንሰለት ተይዟል። እውነት ነው። ግን ክልከላ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የእስራኤሉ የ2008 ሕግ ሽያጩን ብቻ አልከለከለም፤ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ውጭ አገር በሕገ ወጥ መንገድ ለሚደረግ ንቅለ ተከላ እንዳይከፍሉም አገደ። ከዚያ በፊት ታማሚዎች በኢንሹራንስ ገንዘብ ወደ ሌላ አገር ሄደው ይገዙ ነበር። ገንዘቡ ሲዘጋ ጉዞው በእጅጉ ቀነሰ። በዚያው ሕግ ከሞትኩ በኋላ አካሌ ይለገስ የሚል የለጋሽነት ካርድ የፈረመ ሰው ራሱ ሲታመም ቅድሚያ እንዲያገኝ ተደረገና ፈራሚውም በዛ። ክልከላው የሠራው የገዢውን መንገድ ስለዘጋና ሌላ መንገድ ስለከፈተ ነው። ሻጩን አሳድዶ ገዢውን የሚተው ሕግ ግን አይሠራም፤ ስለ እሱ ጸሐፊው ቢያማርሩ አብሬያቸው አማርራለሁ።

ስለ ዕቃው ጥራት ምንም አለማለታቸው ደግሞ ገርሞኛል፤ ለገበያ ከሚከራከር ሰው የምጠብቀው ነበር። ለወንድሙ የሚሰጥ ሰው በሽታውን ለመደበቅ ምክንያት የለውም፤ ዕዳ ያለበት ሻጭ ግን አለው። የደም ነገር ይህን አስተምሮናል። የዓለም የጤና ጉባኤ በ1975 አገሮች ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት በሚሰጥ ደም ላይ እንዲመሠረቱ የጠየቀው በዚህ ሥጋት ነው። በ1990ዎቹ ቻይና ውስጥ፣ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ፕላዝማቸውን (የደማቸውን ፈሳሽ ክፍል) እየሸጡ ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች በጅምላ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስና ከኦማን ወደ ሕንዷ ቦምቤይ ሄደው ኩላሊት ስለገዙ 130 ታማሚዎች በ1990 የወጣው ጥናትም ከመካከላቸው ጥቂት የማይባሉት መሞታቸውን፣ ኤች አይ ቪ ይዘው የተመለሱ መኖራቸውንም ዘግቧል። ዛሬ ምርመራው ተሻሽሏል። የሻጩ የመደበቅ ፍላጎት ግን አልተሻሻለም።

ኢራንን ጸሐፊው እንደ ማሸነፊያ ካርድ ነው የመዘዟት። እስቲ በእርጋታ እንያት። ሥርዓቱ በ1988 ተጀመረ። ሻጭና ታማሚን የሚያገናኘው በታማሚዎች የሚመራ ማኅበር ነው፤ መንግሥት የተወሰነ ክፍያ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሻጩና ታማሚው ተደራድረው ይጨርሱታል። የውጭ አገር ሰው ከኢራናዊ እንዲገዛ አይፈቀድም። ከሌሎች ገበያዎች የተሻለ ሥርዓት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በ1999 ወረፋው አልቋል የተባለውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

ወረፋው አልቋል ማለት ግን በዝርዝር ውስጥ የገባው ሰው አለቀ ማለት ነው። ኩላሊቱ መድከሙን ሳያውቅ የሞተ፣ ወደ ንቅለ ተከላ ክፍል ያልተላከ፣ የድርድሩ ዋጋ የከበደው ሰው መጀመሪያውኑ አልተቆጠረም። ተቺዎችም ያነሱት ይህንኑ ነው። እኔን የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን የተቺዎቹ ሳይሆን ሥርዓቱን የሚደግፉ የኢራን ሐኪሞች ያወጡት ቁጥር ነው። ከሻጮቹ 84 በመቶዎቹ ድሆች፣ የቀሩት 16 በመቶዎቹ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ። ደመሩት? መቶ ሞላ። አንድም ባለጸጋ የለም። ሐኪሞቹ ይህን ያቀረቡት ከተቀባዮቹም ግማሽ ያህሉ ድሆች መሆናቸውን ለማሳየት ነው፤ ያ ደግሞ በእውነት ለሥርዓቱ የሚመሰክር ነገር ነው። ሆኖም ነፃ ምርጫ የሚባለውን ነገር አንዱ የኅብረተሰብ ክፍል ብቻ ሲመርጠው፣ ሌላው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመርጠው ሲቀር፣ ምርጫ ብለን መጥራታችንን ቆም ብለን ማየት ያለብን ይመስለኛል።

ወደ ማሰሪያው ደረስን። ጸሐፊው ሰውነቴ የራሴ ነው፤ ድሃው ሁለት ክፉ ነገሮች ከፊቱ ካሉ አንዱን መከልከል ሌላኛውን ማስገደድ ነው ይላሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተዉት ያግባ፣ ነው ነገሩ። በአንድ ሰው ላይ ብቻ ካየነው ይህ ክርክር ቀዳዳ የለውም። ዛሬ ዕዳ ያለበትን አንድ ሰው ጠርታችሁ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ትሸጣለህ?» ብትሉት ምርጫ ጨመራችሁለት። ሕግ ግን አንድን ሰው ጠርቶ በጆሮው አያንሾካሹክም። ሕግ ሲፈቅድ አበዳሪውም ይሰማል።

የሰዎችን ባህልና አኗኗር የሚያጠናው አንትሮፖሎጂስት ሎረንስ ኮኸን በ1990ዎቹ ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ያየው ይህንን ነው። የኩላሊት ሽያጭ በተለመደባቸው ሰፈሮች አበዳሪዎች ብድር የሚሰጡትም የሚያስጨንቁትም ኩላሊቱን ቆጥረው ሆነ። ባለዕዳው «ምንም የለኝም» ሲል፣ ድሮ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። አበዳሪው ይሳደባል፣ ያስፈራራል፣ ግን ከሌለው ሰው ምን ይወስዳል? ጊዜ ይሰጠዋል፣ ወይም ከፊሉን ይተዋል። ኩላሊት ዋጋ ካገኘ በኋላ ግን «ምንም የለኝም» ውሸት ሆነ። አለህ እኮ። ጎንህ ውስጥ አለ። ሚስትህም አላት። ኮኸን ያነጋገራቸው ሻጮች በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ የባል ጉልበት ለሥራ ስለሚፈለግ ቢላዋው ወደ እነርሱ ዞረ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢያስቡ ደስ ይለኛል። ዕድሉን ያልተጠቀመበት ሰው ሳይቀር ኑሮው ተለወጠ። ኩላሊቱን ፈጽሞ የማይሸጠው ሰው ትናንት ባለው ክብር ዛሬ የለም፤ ትናንት ድሃ ነበር፣ ዛሬ ንብረቱን ሸጦ ዕዳውን ለመክፈል እምቢ ያለ ሰው ሆኗል። ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ያቃተው አባት ትናንት ይታዘንለት ነበር፤ ነገ ግን «ለልጅህ ስትል እንኳ?» የሚለው ይመጣል። ርዳታ የሚሰጠውም አካል ይዋል ይደር እንጂ ያንኑ ይጠይቃል። ድሃው ያገኘው አንድ አማራጭ ነው፤ ያጣው ደግሞ ያለ ምንም ማብራሪያ እንደ ሙሉ ሰው የመቀመጥ መብቱን ነው። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ይባላል፤ እዚህ ግን ጭብጦው ገና በእጁ ሳይገባ ዋጋው ተተመነበት።

ስለዚህ «አካሉ የራሱ ነው» በሚለው አልከራከርም። የራሱ ስለሆነ ነው በማንም መዝገብ ላይ እንደ ሀብት እንዳይጻፍ የምፈልገው።

ጸሐፊው ለዚህ የቀደመ መልስ ያዘጋጁ ይመስላል፦ ግፊት በስጦታውም አለ፣ ቤተሰብ ያስጨንቃል፣ «እህትህ እየሞተች ዝም ትላለህ?» ይላል። አለ፤ እኔም አውቀዋለሁ። የንቅለ ተከላ ክፍሎችም ያውቁታል፤ ብዙዎቹ አንድ ጥሩ ዘዴ አበጅተዋል። ለጋሹ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ በሩ ተዘግቶ ይጠየቃል። የሚያናግረው ሐኪም ወይም አማካሪ የታማሚው ሐኪም እንዲሆን አይፈለግም። ቀስ ብሎ «በእውነት ትፈልጋለህ?» ይለዋል። ሰውዬው እግሩን እያየ ዝም ይላል፣ ወይም «እነሱ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው» ይላል። ያኔ ለቤተሰቡ የሚነገረው «ለለጋሽነት አልሆነም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ዝርዝር የለም። ሰውዬው ማንም ሳይቀየመው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን በር ለሻጭ ክፈቱለት እስቲ። «አልሆነም» የሚለው ወረቀት የእህትን ቅያሜ ያስቀራል፤ ዕዳን ግን አያስቀርም። አበዳሪው ወረቀቱን አይቶ ሌላ ሆስፒታል እንዲሞክር ይልከዋል። ለዚህ ነው የቤተሰብ ግፊትና የዕዳ ግፊት አንድ ነገር ናቸው ሲባል የማልቀበለው። አንደኛውን ሐኪም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊሰብረው ይችላል፤ ሁለተኛው ከሐኪሙ ክፍል ውጭ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ለታማሚው ምን ያደርግለታል ብትሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጸሐፊው ስለ ኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ሲጽፉ በሁለት ቃል አልፈውታል፤ እኔ ግን በቅርብ ያየሁት ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል፣ ሁለት ወፋፍራም መርፌ ክንድ ውስጥ ገብቶ ደም በማሽን ውስጥ ያልፋል። መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ እጅ ሲያስቀምጡ ደሙ እንደ ንብ ሲነዝር ይሰማል። የሚጠጣው ውኃ በብርጭቆ ተለክቶ ነው፤ ጥሙ ሲጸናበት በረዶ አፉ ውስጥ አስቀምጦ ይመጥጣል። ከማሽኑ ሲወርድ እግሩ ይብረከረካል፤ በማግስቱ ትንሽ ሰው ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይሄዳል። ይህን ሰው «ሥነ ምግባር አይፈቅድልህም» ብሎ ማሰናበት ቀላል አይደለም፤ ለማንም እንዲቀለውም አልፈልግም።

ነገር ግን ጸሐፊው ገበያው ካልተፈቀደ ያለው ሞት ብቻ እንደሆነ አድርገው ነው የሚጽፉት። እንዲህ አይደለም። ስፔንን እንውሰድ። በ1979 ያወጣችው ሕግ ሰው በሕይወቱ ካልተቃወመ ከሞተ በኋላ አካሉን ለመስጠት እንደፈቀደ ይቆጠር ይላል፤ በተግባር ግን ቤተሰብ ሳይጠየቅ አይወሰድም። ለውጡ የመጣው ከሕጉ ይልቅ በ1989 ከተቋቋመው ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅት ነው። በየሆስፒታሉ ይህንን ሥራ የሚከታተል፣ አብዛኛውን ጊዜ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም የሆነ ባለሙያ ተመደበ፤ ያዘነ ቤተሰብን እንዴት ማናገር እንደሚገባ ሠለጠነ። ዛሬ ስፔን ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ በዓመት ከ40 በላይ ከሞት በኋላ የሚለግሱ ሰዎች አሏት፤ በዓለም ከቀዳሚዎቹ ናት። ለአንድም ቤተሰብ ዋጋ አልከፈለችም።

ሁለተኛው መንገድ ልውውጥ ነው። ሚስት ለባሏ ልትሰጥ ትፈልጋለች፣ የደማቸው ዓይነት አልገጠመም፤ ሌላ ቤት ውስጥም እንዲሁ ያሉ ባልና ሚስት አሉ። የአንዷ ኩላሊት ለሌላኛው ባል ይሄዳል፣ የሌላኛዋም ወደዚህ ይመጣል። ደቡብ ኮሪያ በ1991 ጀምራዋለች። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልቪን ሮዝ በልውውጡ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም የሚያሰላበትን ዘዴ አብሮ ሠርቷል፤ ከ2012 የኖቤል ሽልማቱ በስተጀርባ ካሉት ሥራዎቹም አንዱ ይኸው ነው። ገበያን የሚያውቅ ሰው ገንዘብ የሌለበት ገበያ ሠራ ማለት ነው፤ ጸሐፊው ኢኮኖሚክስን ደጋግመው ሲጠቅሱ ይህን አለማንሳታቸው አልገባኝም።

ሦስተኛው እምብዛም አይወራለትም፦ ኩላሊትን የሚገድሉት በዋናነት የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም በርካሽ መሣሪያ ይለካሉ፤ በብዙዎቹ ሰዎች ላይም በመድኃኒት ሊገቱ ይችላሉ። ወረፋው ውስጥ የሚገባውን ሰው ሳይቀንሱ ሻጭ መፈለግ ከላይኛው ጫፍ መጀመር ነው። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው እጥረቱን ነገ ጠዋት አያጠፉትም፤ ያጠፋሉ ብዬ አልዋሽም። የኢራንም አላጠፋውም።

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄያቸው ነው። ልጄ ቢታመም አልገዛም? ልገዛ እችላለሁ። ልጁ እጥበት ላይ ያለ አባት የሚያደርገውን አላውቅም ብዬ አልመጻደቅም፤ ሌላም ብዙ ነገር ላደርግ እችላለሁ፤ ልሰርቅ፣ በሐሰት ልመሰክር። ዳኛ የገዛ ልጁን ጉዳይ እንዳያይ የሚከለከለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ቀን የምሰጠው መልስ ስለ እኔ ሁኔታ ይናገር እንደሆነ እንጂ ሕጉ ምን ይሁን ለሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞም ጥያቄው በግማሹ ነው የተጠየቀው። ልጄን የታመመው አድርገው አስቀመጡት፤ ልጄ ገዢ ብቻ እንደሚሆን በምን አወቁ? ልጅዎ ዕዳ ውስጥ ገብቶ፣ አበዳሪው በሩ ላይ ቆሞ ጎኑን እያየ «አለህ እኮ» ቢለው፣ ሽጥ ይሉታል? ጸሐፊው ለዚህኛው መልስ ቢጽፉ አነባለሁ።